ተመስገን ብዬ የዘጋሁት በር

አባቴ ችግሩን ለሰው የሚያወራ ሰው አይወድም ነበር። «እግዚአብሔርን ለጎረቤት ማማት ነው» ይል ነበር። ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲጎድል ድምፃችን ይቀንሳል፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ፊታችን ይፈካል። «እንዴት ናችሁ?» ከተባለ መልሱ «ተመስገን» ነው፣ አለቀ። ይህን ይዤ አደግሁ፣ ይህን ይዤ አገባሁ፣ ሚዛን ተፈሪ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህን ይዤ ኖርኩ። ከሰንበቴያችን ሴቶች አንዷ ካለቀሰች ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ለማጽናናት እንዳይመስላችሁ፣ ለመገሠጽ ነው። አንዷ ላሟ ሞታባት ስታነባ «መጀመሪያ አመስግኚ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ» ብያታለሁ። ሴትዮዋ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አመሰገነች። እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ የወደቀው ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ትንሽ የቡና ማሳ አለችን። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ወዲህ ዓመቱን የምታኖረን እሷ ናት። ጥላው ቡናውን አፈነው ብሎ የጥላውን ዛፍ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ወጣ። «በዚህ ዕድሜህ?» ስለው፣ «ከወጣሁ በኋላ ነው ዕድሜዬን የምታስታውሺኝ?» ብሎ ከላይ ሳቀብኝ። የቆመበትን ቅርንጫፍ ምስጥ በልቶት ኖሮ ከነገጀራው ወረደ። ጭኑ ተሰበረ። ሆስፒታል ብረት አስገቡለትና እግሩን እንዳይረግጥ አስጠንቅቀው ወደ ቤት መለሱን።

ጎረቤቱ ሁሉ ጎረፈ። እንደ አገሩ ወግ ነው፤ ታማሚ ያለበት ቤት ወንበር አይበቃም። ሰዎቹ አልጋው ዳር ተቀምጠው «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» ይላሉ። እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ ከጓዳ «ተመስገን ነው! በጣም ደህና ነው!» እላለሁ። እሱ ጣሪያውን ያያል። ልጆቻችን ሩቅ ናቸው፤ ስልክ ሲደውሉም የምናገረው እኔ ነኝ። «አባባስ?» ሲሉኝ «ተመስገን፣ ተኝቷል» እላቸዋለሁ። ሳይተኛም ቢሆን።

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ የቤንች ሴት ናት። አማርኛዋ አጭር ነው፤ የምትለውን ብላ ዝም ትላለች። በመጀመሪያው ሳምንት የተቀቀለ የጎደሬ ሥር በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ ገና ትኩሱን ይዛልኝ መጣች። እዚህ አገር ጎደሬ የማይበላ የለም። ከእኛ በቀር ማለቴ ነው። የባለቤቴም የእኔም ወላጆች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እንጀራ ካልሆነ ምግብ አይመስለንም፣ ጎደሬ ለእንግዳ ማቅረብማ በእኔ ቤት ነውር ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ፣ በጥሩ ፈገግታ፣ «ሞልቶናል፣ ተመስገን። ለልጆችሽ አድርጊው» አልኳት። ቅጠሉን መልሳ ታቅፋ ሄደች። ሌሎቹንም እንዲሁ ሸኘኋቸው። ቀስ በቀስ የሚመጣው ሰው ቀነሰ። ሰው ምን ያድርግ? ሞልቶናል ከሚል ቤት ማን ምን ይዞ ይመጣል?

ጤፉ ግን አለቀ። ዱቄቱም አለቀ፤ የጡረታችንን ብር ሆስፒታሉና መድኃኒቱ በልተውታል። ከማሳው ጥግ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ጎደሬ ነበር፤ ሰው ከመንገድ ሲመለስ እንዳያየኝ በዝናብ መሐል ወጥቼ እሱን መቆፈር ጀመርኩ። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይበላል። ይህን በዚህ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሰው ሳይደርስ ላውጣው ብዬ ተጣደፍኩ። ባለቤቴ አንድ ጉርሻ ውጦ ጉሮሮውን ያዘ። እኔም ያዝኩ። ሁለታችንም እንደ ጉንፋን በሽተኛ ስንስል ቆይተን እሱ እንባው እየወረደ፣ «በይ እስቲ፣ ይህንንም ተመስገን በዪ» አለኝ። ተቆጣሁት። ስድብ ነው የመሰለኝ።

ጥቅምት ላይ ቡናው ቀላ። የዘንድሮው ፍሬ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። እሸት ቡና ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ነው፣ አይጠብቅም፤ ከደረሰ ካልለቀሙት እዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይሻግታል። ለቃሚ የምቀጥርበት አልነበረኝም። ቅርጫት አንጠልጥዬ ብቻዬን ገባሁ። ጉልበቴ ቁልቁለቱን አልቻለውም፤ ቀኑን ሙሉ ለቅሜ የማመጣውን የቡና ማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ ስበትነው አንዱን ጥግ እንኳ አይሸፍንም። ከሥሬ የረገፈውን እየረገጥኩ ነበር የምሄደው። ሲፈርጥ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን እግሬ ሥር አለ።

ባለቤቴ በመስኮት ያያል። «ደቦ እንጥራ» አለኝ።

«ደቦ የጠራ ሰው ያበላል» አልኩት። «ምን ልናበላ ነው?»

«ያለንን።»

«ያለን ጎደሬ ነው።»

«እሱን ነዋ።»

«አታዋርደኝ» አልኩት። «እግዚአብሔር ችግራችንን ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል» አለ። «የማያውቁት ጎረቤቶቻችን ናቸው።»

ጸሎት መጽሐፌን ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ምስጋና ማቅረቤ ነበር፤ ንዴቴ ግን ከከንፈሬ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

በማግስቱ ልብስ አጥቤ አጥሩ ላይ ስዘረጋ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ። ለወራት እንዲያ ጮክ ብሎ ሲናገር አልሰማሁትም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን የሰፈራችንን ሽማግሌ፣ ክርስትና አባቱን፣ በመስኮት ይጣራል። «አባቴ! ቡናዬ መሬት ላይ ሊቀር ነው! ደቦ ይጥሩልኝ!» ሽማግሌው በዘንጋቸው ተደግፈው ቆሙ። መጀመሪያ እሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ያ ሁሉ «ሞልቶናል» ያልኩት ነገር ፊቴ ላይ ሲቀላ ተሰማኝ። በእጄ የነበረውን እርጥብ አንሶላ ፊቴ ፊት ዘርግቼ ከኋላው ቆምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሰንበቴያችን አለ፣ ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን አሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሙስሊም ነጋዴ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ መጥቷል። ያቺ ላሟ የሞተችባት ሴት እንኳ ቅርጫቷን ይዛ መጣች። እኔ ማድ ቤት ገባሁ። አሁን የምናገረው የሠራሁትን ነው፤ እየተሸማቀቅሁም ቢሆን ልናገረው። እሳት አነደድኩ። ትልቁን ድስት ጣድኩና ውሃ ሞላሁበት። ውሃ ብቻ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ በጣሪያው ክዳን ይወጣል፤ እንዲወጣም ነው የፈለግሁት፣ እመቤቲቱ ወጥ እየሠራች ነው እንዲባል። ጠዋት የቀቀልኩትን ጎደሬ ከነማሰሮው በሩ ጀርባ ገፍቼ ጆንያ ጣል አደረግሁበት። ከማሳው ሳቅ ይሰማል፣ በቤንችኛ ይቀላለዳሉ። ቋንቋውን ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ አልተማርኩትም፤ ስለዚህ የሚስቁት ሁሉ በእኔ መሰለኝ።

ፀሐይ ስትበረታ ሥራ አቁመው ጥላው ሥር ተቀመጡ። ምግብ አልጠየቁም። እያንዳንዱ ከየቅርጫቱ የያዘውን ፈታ፤ ቆጮ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ። ደቦ ላይ ስንቅ ይዞ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ተነጋግረው ነው። ሮጬ ወጥቼ «ምነው፣ እየደረሰ እኮ ነው!» አልኩ። «እሺ ቲቸር፣ እንጠብቃለን» አለኝ አንዱ፣ መሬቱን እያየ። ቀና ብሎ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ተከትላኝ ማድ ቤት ገባች። «ላግዝሽ» አለችና ከመድረሴ በፊት የድስቱን ክዳን አነሳች። ውሃው ይፍለቀለቃል። አየችው፤ እኔንም አየችኝ፤ ክዳኑን ቀስ አድርጋ መለሰች። ዞር ስትል ጆንያው ሥር ያለውን ማሰሮ አየች። ጆንያውን ገልጣ ማሰሮውን አንስታ ታቀፈች።

«ተይ፣ እሱ ለእንግዳ አይሆንም» አልኳት።

«እንግዳ የታለ?» አለችኝና ወጣች።

ጎደሬውን መሐላቸው አስቀመጠችው። በሉት። በደንብ በስሏል፣ ጉሮሮ አይበላም፤ ለወራት ስበላው ኖሬ ቢያንስ ይህን ተምሬአለሁ። በልተው ሲያበቁ ሽማግሌው እንደ ወጉ ሊመርቁ ተነሡ። የእኛዎቹ ቆሙ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ነጋዴው እጆቹን ዘረጋ። ደቦ ሲበላ የሚመረቀው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ሽማግሌው ሌላ ምርቃት አያውቁም። «ይህችን ያበላችንን ያጠጣችንን ልጅ፣ ጓዳዋን ሙሉ ያደረግህላት አምላክ…» ብለው ጀመሩ።

ጓዳዬን ሙሉ! አሜን የሚል ድምፅ ከመነሣቱ በፊት፣ «አባቴ ይቅርታ» አልኩ። «ያበላሁት የለም። ጓዳዬ ባዶ ነው። ድስቱ ላይ ያለው ውሃ ነው። ከክረምት ጀምሮ የምንበላው የለንም።» ድምፄ እንደ ተማሪ ተንቀጠቀጠ። ማንም ዐይኔን አላየም፣ እኔም የማንንም አላየሁም።

ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ አላጠፉም። «እንግዲያው ይስጥሽ!» አሉ።

«አሜን!» አለ ሰው ሁሉ።

«ባልሽን ያቁምልሽ!»

«አሜን!»

ይህን ሁሉ ወር አንድ ሰው ለእኛ «ይስጣችሁ» ብሎ እንዳልጸለየልን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሞልቶናል ላለ ሰው ምን ተብሎ ይጸለያል? ላሟ የሞተችባት ሴት ከሁሉ በላይ ጮኻ ነበር አሜን ያለችው። አጠገቤ መጥታ እጄን ያዘችኝ። እጄን ላወጣ ፈለግሁ፤ አልለቀቀችኝም። አለቀስኩ፣ መጀመሪያ ሳላመሰግን።

እስኪመሽ ቡናው ተለቀመ። ማድረቂያው አልጋ ሞልቶ የተረፈው ሸራ ላይ ተሰጣ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ፤ እፍረት ይዞኝ አንገቴን ብቻ እየነቀነቅሁ ሸኘኋቸው።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቴ ልጇን አዝላ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ስትሄድ በአጥሩ በኩል «እንዴት አደራችሁ?» አለችኝ።

«ተመስገን» አልኳት። አፌ ለምዶ ነው።

ራሷን ነቅንቃ መንገዷን ቀጠለች። ጀርባዋን አየሁት። ያን የሙዝ ቅጠል ታቅፋ ስትሄድም ያየሁት ይህንኑ ጀርባ ነው።

«ቆዪ!» አልኳት። «ተመስገን፣ አድረናል። ግን ሌሊቱን ሲያመው ነው ያደረው። ግቢ።»

ገባች። ልጇን አውርዳ አልጋው ዳር ተቀመጠችና «ጋሼ፣ እግርህ እንዴት ነው?» አለችው። እኔ ከጓዳ ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ በእጄ ያዝኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ወደ እኔ አየ። ዝም ስለው ነገራት። ብረቱ ያለበት ቦታ ዝናብ ሲመጣ እንዴት እንደሚጠዘጥዘው፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ መሰንበታቸውን፣ ዳግመኛ የማይራመድ እየመሰለው እንደሚፈራ፣ ያቺን ቅርንጫፍ በየቀኑ እንደሚያልማት። ድምፁ እየተቆራረጠ ብዙ አወራ። እሷ «እህ» ትለዋለች፣ «እህ» ትለዋለች።

አንዱንም አላውቅም ነበር። በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ?» እለው ነበር እኮ፤ መልሱንም እኔው ነበርኩ የምመልስለት።