ሳይነሳ የሚፋጅ ሞተር

አሮጌዋ ላዳዬ የሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ማፍላት ከጀመረች ወር አልፏታል። ጋቢ የማመላልሰው በእሷ ስለሆነ እሷ ቆመች ማለት እኔም ቆምኩ ማለት ነው። መካኒኩ ጋሽ ታምሩ ራዲያተሩን አጠቡ፣ ቴርሞስታቱን ቀየሩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ "ጠዋት ሳታስነሳት ልያት" ብለው ግቢዬ ድረስ መጡ። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን እንደነኩት እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከአልጋዬ ነው ጋሼ።"

ቁልፉ ትራሴ ስር ማደሩን ስነግራቸው አላመኑኝም። እኔም ብሆን አላምንም። የራዲያተሩን ውሃ አንጠፍጥፈው ደፉት፤ ባትሪውንም ፈትተው ይዘውት ሄዱ።

"አሁን በምን እንደምትሞቅ እናያለን።"

በማግስቱ ባትሪውን ታቅፈው መጡ። ኮፈኑን መክፈት ስለፈራሁ እሳቸው ከፈቱት። ሞተሩ ይፋጃል። ባዶ ያደረው ራዲያተር እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል። ጋሽ ታምሩ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ አንተ ረጅም ሰው ነህ። ወንበሩ መሪው ላይ ተለጥፎ ጉልበትህን የት ታስገባዋለህ?"

ለመጨረሻ ጊዜ ሳቆማት ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ነበር።