የብርድ ልብስ ጸሐፊዋ

በብሌችሊ ከተማችን የሚወራው እንዲህ ነው፦ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ወታደር በሚጠብቀው ግቢ ውስጥ ቤት የሚያህል የስሌት ማሽን አለ። የጠላትን የምስጢር መልእክት ይፈታል፤ የጀርመን ጄኔራል ገና ሳያስነጥስ «ይማርህ» ይላል። ይህን ጉድ የምታንቀሳቅሰው ደግሞ የጎረቤቴ የወይዘሮ ፖብጆይ ተከራይ ናት አሉ።

እኔ አላመንኩም። ቀጭኗ ልጅ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ የምታነሳው በሁለት እጇ ነው። ግን የሠራዊቱ ብርድ ልብስ ክፍል ጸሐፊ ነኝ እያለች ጣቷ ላይ ቀለም የለም፤ ጥፍሯ ስር ያለው የሞተር ዘይት ነው። በጥር ብርድ የእኛ አፍንጫ ተቆርጦ ሊወድቅ ሲደርስ፣ እሷ ከዳቦ መጋገሪያ እንደወጣ ሰው ፊቷ ቀልቶ፣ ካፖርቷን ከፍታ ትመጣለች። እንዲህ በላብ የሚያጠምቅ ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው?

ትናንት ሻይ ላይ ወይዘሮ ፖብጆይ አላስችል አላቸው። መርከበኛው ልጃቸው ኸርበርት አትላንቲክ ላይ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

«የኔ ልጅ፣ ያ ማሽናችሁ የባሕሩን ወሬ ሁሉ ይሰማል አሉ። የኸርበርትን መርከብ መትተውታል? አትናገሪ፤ አንገትሽን ብቻ ነቅንቂልኝ።»

ልጅቷ አንገቷን እንደ ሐውልት አደረቀችው። ከዚያ በራሽን ተለክቶ የተሰጣትን የሳምንት ስኳር አንስታ፣ በሙሉ የወይዘሮ ፖብጆይ ስኒ ውስጥ ገለበጠችው። በዚህ ጦርነት፣ ለሐዘንተኛ ካልሆነ በቀር፣ ስኳሩን ለሰው የሰጠ ፍጡር አይቼ አላውቅም።

«ምንም ማሽን የለም፣ ወይዘሮ ፖብጆይ» አለች። «እኔ ስለ ብርድ ልብስ ደብዳቤ ነው የምጽፈው።»