መጀመሪያ የእኔን

አያ፣ በተዝካርዎ ዕለት ዘመድ ሁሉ ደግነትዎን ሲያወራ፣ እኔ የእህትዎ ልጅ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ኦቲዝም ያለባት ልጄ የጥርስ ሳሙና ሲሸታት ትጮሃለች። እኔም ጭንቅላቷን ይዤ ጥርሷን በግድ እቦርሽላት ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ መጥተው እኛ ዘንድ በሰነበቱበት ወር ግን፣ እርስዎ በየጠዋቱ በርጩማዎ ላይ ተቀምጠው አፍዎን ይከፍቱላትና «መጀመሪያ የእኔን ፋቂልኝ» ይሏት ነበር። ሳሙና ባልነካው በእርስዎ ብሩሽ፣ በውኃ ብቻ፣ የቀሩዎትን አራት ጥርሶች ትፍቅልዎ ነበር።

አንድ ቀን የራሷን ብሩሽ አንስታ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። እኔ ሥራ ረፍዶብኝ ነበርና ጭንቅላቷን ያዝኩና ፈተግ ፈተግ አደረግኩላት።

«ምነው ልጄ፣ ልትለምደው አልነበር?» አሉኝ። በማግስቱ ወደ አገርዎ ገቡ፤ ይቅርታ ሳልጠይቅዎ አረፉ።

ትናንት እኛ ዘንድ የቀረውን የእርስዎን ብሩሽ ይዛ ባዶው በርጩማ ፊት ቆመች። ተቀምጬ አፌን ከፈትኩላት።

ጭንቅላቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና ሸሸችኝ።