ለጥላ የሚሆን አበባ

ልጅ ሳለሁ አበባ ከጥላ ውስጥ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ሰው በመንደራችን አልነበረም። ጥላ የሰውና የከብት ማረፊያ ነው፤ አበባ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ በሚመታው ሜዳ ላይ የሚፈነዳ ቢጫ ነገር። ይህ እምነት ከጎንደር ገጠር እስከ ባሕር ማዶዋ ከተማ ሐደራ ተከትሎኝ መጥቶ ብዙ ችግኝ አስፈጅቶኛል።

ያኔ ሠርግ ሲቃረብ አክስቴ በለጡ እኛን ሴቶቹን ልጆች ሰብስባ እንሶስላ ታሞቀን ነበር። የተወቀጠው ሥር እጅና እግራችን ላይ ይደረግና በቅጠልና በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ቀለሙ እስኪይዝ ድረስ ንቅንቅ የለም። ኩራዙ ጥግ ላይ ይጨሳል፣ ፍሙ ቀስ እያለ አመድ ይለብሳል፣ አፍንጫዋን የበላት ልጅ ማከኪያ እጅ ስለሌላት የጎረቤቷ ትከሻ ላይ ታሻሸዋለች። አክስቴ ተረት የምትነግረን ጨዋታ ስለምትወድ ብቻ አልነበረም፤ ጨርቁን እንዳንፈታባት ነው።

አበቦች መሬት ሲከፋፈሉ፣ ትለን ነበር፣ ሁሉም ወደ ፀሐዩ ሜዳ ተሻምተው ሮጡ። እንሶስላ ግን ዞር ብላ የተረፈውን አየች። ከገደሉ ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ ማንም ያልፈለገው ጥላ ነበር። «ፀሐይ የለህም፤ ታዲያ ምን አለህ?» አለችው። «እርጥበት አለኝ፤ የሚሻማሽም የለም» አላት። «ይበቃኛል» ብላ ተቀመጠች።

«እናንተም ስታገቡ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ» ትለናለች አክስቴ።

«ማንም ያልተሻማውንማ ማን ያገባዋል?» አለች አንዷ።

«አንቺን የመሰለች ቀበጥ ናታ» አለቻት፤ እጃችን እንደታሰረ እርስ በርስ እየተደገፍን ሳቅን።

ወደ እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ወለል ጠርጌ፣ ቆይቼም በሐደራ ገበያ ቅመም ሸጬ ልጆች አሳደግሁ። የሚሰጠኝንና የሚወስድብኝን ሳልመዝን የምይዘው ነገር የለም። እዚያው ሐደራ፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ በመስኮታችን ሥር ያለውን ቁራሽ መሬት ግን አልመዘንኩትም። ፎቁ ስለሚከልለው ፀሐይ አያየውም። ባለቤቴ አያሌው እግሩን ከታመመ ወዲህ ከመስኮቱ አይነሳም፤ የሚያየውም ያችኑ መሬት ነው። እኔም በየዓመቱ ሱፍና ሌላ ቢጫ አበባ እተክልለታለሁ፤ እነሱም ብርሃን ፍለጋ አንገታቸውን አስግገው፣ ቀጥነው ይወድቃሉ።

በመጨረሻ የሕንፃው ኮሚቴ ኃላፊ ሪታ መጥታ «ባዶ አፈር ምን ይሠራል? ከመጪው በዓል በኋላ ሲሚንቶ አልብሰን ብስክሌት እናቆምበታለን» አለችኝ።

ለአያሌው ነገርኩት። «እንግዲህ ብስክሌት እጠብቃለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ችግኝ መሸጫ ሄጄ እጄ እንደልማዱ ወደ ቢጫው ሲዘረጋ ሻጩ በዕብራይስጡ «ኢማ፣ እናቴ፣ ቦታው ፀሐይ ያገኛል?» አለኝ። አያገኝም አልኩት። ያን ጊዜ ነው መሬቱን ምን አለህ ብዬ ጠይቄው እንደማላውቅ የታወቀኝ። እርጥበት አለው፤ የየፎቁ የአየር ማቀዝቀዣ ውኃ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይንጠባጠባል። ለጥላ ከተዘረጋው መረብ ሥር ወዳሉት ችግኞች ሄድኩ። ውኃ የጠጣ የሚመስል አገዳ፣ ለስላሳ ቅጠል፣ ሲነኩት ተስፈንጥሮ የሚፈነዳ የዘር ፍሬ አገኘሁ። የእንሶስላ ዘመድ ነች። አገር ቤት ሥሯን ስንፈልግ ኖረን አበባዋን ልብ ብለን አይተነው አናውቅም። ጥላ ውስጥ ከሩቅ የሚታይ ነጩ ስለሆነ አብዛኛውን ነጭ፣ ጥቂቱን ሐምራዊ መርጬ በመስኮታችን ሥር ተከልኩ።

በዓሉ ሲደርስ አፈሩ አይታይም ነበር። ሪታ ሜትሯን ይዛ መጣች፣ አበባውን አየች፣ ቀና ብላ ደግሞ ከመስኮቱ ቁልቁል የሚያያትን አያሌውን አየች። ሜትሯን መልሳ ጠቀለለች።

«ቤሴደር፣ እሺ» አለች፤ «ብስክሌቶቹን በፀሐዩ በኩል እናቁማቸው። እነሱ አይጠወልጉም።»

ከአክስቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የትኛው አውሬ ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንዳገባ ብጠየቅ አልመልስም። የቀረልኝ፣ ወደ አንድ ቦታ የምፈልገውን ከማምጣቴ በፊት ቦታው ያለውን መጠየቅ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሸምግዬ ነው የተጠቀምኩበት። አያሌው ግን ተረቱን አይጠይቀኝም። ጠዋት ውኃ ማጠጣት ከረፈደብኝ የመስኮቱን መስታወት በከዘራው ያንኳኳል፣ የትኛዋ አንገቷን እንደደፋችም በጣቱ ያሳየኛል።