የፈድሉ ሱቅ ድኩላ

አበጋዝ ኮርቻ ሰፊው በዕድሜው ብዙ ጊዜ ተጠርቷል። ለስብሰባ ተጠርቷል፣ ለመዋጮ ተጠርቷል፣ አካፋ ይዘህ ለጽዳት ዘመቻ ውጣ ተብሎ ተጠርቷል። «መጥተህ ተጫወት» ተብሎ ሲጠራ ግን በ1980 ዓ.ም. መስከረም የመጀመሪያው ነበር።

የጠራው ማዘንጊያ የሚባለው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበረ አበጋዝ ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ ከሚባለው ሰፈር ካለችው ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ የአንድ በቅሎ ኮርቻ እያደሰ ነበር፤ ባለበቅሎውም አጠገቡ ቆሟል።

«አሻማ ኦቦ አበጋዝ፣ ፈያዳ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ ማዘንጊያ። «ጓድ ነገራ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈድሉ ሱቅ ይምጡ ብለዋል።»

«ለምን ጉዳይ?»

«አደን ሊጫወቱ ነዋ።»

ማዘንጊያ ይህን ሲል አልሳቀም። አበጋዝን ያስደነገጠው እሱ ነው። ቀበሌ ሲያስፈራራ የታወቀ ነው፤ ኑ ተጫወቱ ሲል ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ወስፌውን ሳያስበው መዳፉ ላይ ሰካው።

አበጋዝ ሲፈጠር ተጠራጣሪ አልነበረም፤ ዘመኑ ነው ያሠለጠነው። አባቱ ከጎጃም መጥቶ ነቀምት የከተመ ነጋዴ ነበር። እሱ ግን ንግዱን ትቶ ገና በጉርምስናው ዋቅወያ ከሚባል የአርጆ አዳኝ ጋር ዴዴሳ በረሃ መውረድ ጀመረ። ንፋስ ማሽተትን፣ ዳና ማንበብን፣ የቆሰለን ተከትሎ እስኪያገኙ አለመመለስን የተማረው ከዋቅወያ ነው። ዋቅወያ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ግልገል ያስከተለች እናት ላይ አፈሙዝ ያዞረ ሰው ከእሱ ጋር ዳግመኛ እሳት አይሞቅም። አንዴ የገዛ ወንድሙን በዚሁ ምክንያት ከሰፈር አባሮታል። አበጋዝ ያን ቀን ያየውን እስኪያረጅ አልረሳም።

በ1968 ዓ.ም. መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ሲባል አበጋዝ አንድ የዛገ ውጅግራ ተሸክሞ ሄደና አስረከበ። አመስግነውት ተመለሰ። ዋናውን ምንሽር ግን በሞራ ጠርጎ፣ በቆዳ ጠቅልሎ ከጓዳው ግድግዳ ውስጥ አጋደመው። ሚስቱ እማዋይሽ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ በገዛ እጇ ለሰነችው። ከዚያ ወዲህ ያ ግድግዳ ሲሰነጠቅም ከእሷ እጅ ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም። ዘመኑ በአንዲት ቀለህ ሰው የሚጠፋበት ዘመን ነበር፤ ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው እንኳ ስለ ግድግዳው አያወሩም።

እንግዲህ «የፈድሉ አደን» የሚባለው ነገር ከተማው የገባው በዚህ ላይ ነው። ፈድሉ ጉራጌ ነው፤ ሳሙናና ጨርቅ ይሸጣል። መርከበኛ የሆነ የእህቱ ልጅ ከአሰብ ወደብ አንድ ሣጥን ይዞለት መጣ። ሣጥኑ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገጠም መስተዋቱ ላይ ጫካ ይወጣል፣ ከጫካው ድኩላ ይወጣል። ተጫዋቹ የላስቲክ ጠብመንጃ ይዞ ይተኩሳል። ከመታው ድኩላው ተገልብጦ ይጠፋል፣ ከጥግ ያለው ቁጥር ይጨምራል፣ ሌላ ድኩላ ይመጣል። ከተማው በሙሉ ሥራውን ትቶ ፈድሉ በር ላይ ተኮለኮለ።

አበጋዝን የከነከነው ድኩላው አይደለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነገራ ነው። እንኳን ጠብመንጃ የሚመስል ነገር፣ ፊኛ በፈነዳ ቁጥር የሚያስመረምር ቀበሌ ይህን እንዴት ፈቀደ? ፈቅዶስ ነገራ ራሱ በየእሑዱ ከቴሌቪዥኑ ጎን ወንበር ስቦ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ደህና የተኮሰውንም ጠጋ ብሎ «የት ለመድከው?» እያለ ይጠይቃል ተብሏል። እርግጥ ነገራ የዋቅወያ የእህት ልጅ ነው፤ አበጋዝ ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ግን በዚያ ዘመን ማን የማን የእህት ልጅ ነበር?

«አትሂድ» አለችው እማዋይሽ። «አሞኛል በል።»

«ከቀረሁ ለምን ቀረ ይላሉ።»

«ከሄድክስ?»

«ከሄድኩና ከመታሁ፣ ይህ ሰው እጁ አልቦዘነም፣ መሣሪያው የት ነው ይላሉ።»

እማዋይሽ ወደ ጓዳው ዘወር ብላ አየች፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች። «እንግዲያ ሳት» አለችው።

እሑድ ሄደ። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ኮስተር ብሎ ገባ። ፈድሉ ከባንኮኒው ጀርባ እየተሽቆጠቆጠ ወጣ። «ወላሂ ጋሽ አበጋዝ፣ የዛሬው ቀን ያንተ ነው! እነዚህማ ዶሮም አድነው አያውቁ» አለና የላስቲኩን ጠብመንጃ አቀበለው። ነገራ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ጨበጠ። በጣም ጨዋ ነበር፤ አበጋዝ የነገራን ጨዋነት ከቁጣው ይበልጥ ፈራው።

ጠብመንጃው እንደ ባዶ ቅል ቀሏል። መጀመሪያ የመጣው ወንድ ድኩላ ነው፤ ቀንዱ ደህና ተሥሏል፣ አካሄዱ ግን አበጋዝን አሳቀው። ጆሮው አይቆምም። ንፋስ አያሸትም። ሰው ሠላሳ ሆኖ እየጮኸ እሱ ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር ይሻገራል። ከእሱ በፊት ሲጫወቱ እንዳየውም ቆስሎ የሚያመልጥ የለም፤ ወይ ይሞታል ወይ ይሄዳል። ደም የለ፣ ፍለጋ የለ፣ ሥጋውን ተሸክሞ ዳገት መውጣት የለ። ይህን የሠራ ሰው ጫማው ጤዛ ነክቶት አያውቅም አለ በሆዱ።

መሳት ቀላል መስሎት ነበር። ግን ጣቱ እምቢ አለው። ዓይኑ ሳያዘው ድኩላው ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ትንፋሹ በራሱ ይቆማል። ከዚያ በግድ፣ እንደ ሌባ፣ አፈሙዙን ወደ ቅጠሉ ያንሸራትታል። ተኮሰ፣ ሳተ። ተኮሰ፣ ሳተ። ሕዝቡ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ተሳሳቀ፣ ኋላ «አይዞዎት አባባ» ማለት ጀመረ። ያቺ «አይዞዎት» አንጀቱን አሳረረችው። በጎልማሳነቱ ዴዴሳ ዳር ጎሽ ጥሎ የተዘፈነለት ሰው ነው።

ከዚያ እናቲቱ መጣች።

ቀንድ የላትም፤ ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ነገር እየተንገታገተች ትከተላለች። ድኩላዋ ጫካው መካከል ስትደርስ ቆም አለችና አንገቷን ወደ ኋላ መለሰች። አበጋዝ ደነገጠ። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው፤ ያ አንገት መመለስ ግን እውነት ነበር። ጫማው ጤዛ አልነካም ያለው ሰው አንድ ቀን አንዲት እናት አይቷል ማለት ነው። የአበጋዝ አፈሙዝ በራሱ ወደ መሬት ወረደ። እናትና ልጅ ተሻግረው ጠፉ።

«ለምን አልተኮሱም?» አለ ነገራ።

ነገራ ወንበሩን ወደፊት ስቦ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። «እናት ናት» የሚለው ቃል አበጋዝ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲህ ካለ አይቻታለሁ ማለት ነው። ካየ ዓይኑ ደህና ነው ማለት ነው። ዓይኑ ደህና ከሆነ ሌሎቹን ለምን ሳተ? ሁሉም ክር ተጎትቶ ተጎትቶ የሚያልቀው ጓዳው ግድግዳ ላይ ነው።

«አላየኋትም» አለ።

«አላዩዋትም?»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ነገራ «ያሳዝናል» አለና ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተለጠጠ። አበጋዝ ፊቱን ሰርቆ አየው፤ ቅር ብሎታል። ወጥመዱ ባዶውን ሲገኝ ወጥመድ አጥማጅ እንዲህ ነው የሚሆነው ብሎ በሆዱ ደስ አለው።

ተራው የማዘንጊያ ሆነ። ማዘንጊያ የመጣውን ሁሉ ገለበጠ። ወንዱን ጣለ፣ እናቲቱን ጣለ፣ ግልገሏንም ደገማት። ለሁሉም የሚሰጠው ቁጥር እኩል ነው። ሱቁ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ፈድሉ ከረሜላ በተነ።

ጭብጨባው ሲበርድ ነገራ ተነሣ። «ስሙ» አለ። «ዴዴሳ ዳር ያሉትን የአምራች ማኅበር ገበሬዎች በቆሎ ከርከሮ ጨረሰባቸው። አውራጃው ፈቃድና ጠብመንጃ ሰጥቶ አዳኝ ምረጡ ብሎናል። ደግሞ የራሱን መሣሪያ ደብቆ የኖረ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ለዚህ ሥራ ይዞ ቢመጣ ይመዘገብለታል፣ አይጠየቅም።» ይህን ሲል ዓይኑ በሰዉ ላይ ዞሮ ዞሮ አበጋዝ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ቆየ።

አበጋዝ ጫማውን ያይ ነበር። እነሆ የወጥመዱ አፍ አለ በልቡ፤ ይህን የሚያምን ሞኝ ካለ እሱ ይግባበት።

ቤቱ ሲደርስ እማዋይሽ በር ላይ ጠበቀችው። «ምን ሆነ?»

«ሳትኩ።»

«ሁሉንም?»

«አንድ አላስቀረሁም።»

እማዋይሽ እመቤቴ ተመስገኚ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ያን ማታ እንደ ትልቅ ሰርግ ተደስተው በሉ።

የበቆሎው እሸት ሳያልፍ ማዘንጊያ አበጋዝ ሱቅ ብቅ አለ። በትከሻው እውነተኛ ጠብመንጃ በገመድ አንጠልጥሏል፤ በብብቱ የደረቀ ቆዳ ይዟል።

«አባባ አበጋዝ፣ በዚህ ቆዳ ለጠብመንጃዬ ማንገቻ ይሥሩልኝ። ገመዱ ትከሻዬን ላጠው።»

አበጋዝ ጠብመንጃውን ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ አየው። እውነት ኖሯል ማለት ነው። «ያን ጊዜ ነገራ ያለው ስለ... ስለ መመዝገቡም?» ሲል ጠየቀ።

«ኤዬ፣ እንዴታ! ጉሉማ የሚባል የቢላ አገር ሰው የደበቀውን ይዞ መጣ፤ ተመዘገበለት። አሁን በቆሎውን አብረን ነው የምንጠብቀው።»

አበጋዝ ቆዳውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ቆዳ ለእሱ እንደ ደብዳቤ ነው፤ ማንበብ አልፈለገም፣ ግን አነበበው። የድኩላ ቆዳ ነው። ሴት ናት። ከሆዷ በኩል ጡቶቿ ተወጥረው እንደነበሩ ያስታውቃል፤ ወተት እያላት ነው የሞተችው። እጁን ሳብ አደረገ።

«ግልገሏስ?»

«ቁጥቋጦ ውስጥ ስትጮህ ሰማኋት። ምን ላድርጋት?»

«ከርከሮ ልትጠብቅ አልነበረም የሄድከው?»

«ድኩላም በቆሎ ይበላል እኮ» አለ ማዘንጊያና ኩርፍ አለ። «እርስዎም እንደ ጓድ ነገራ ሊቆጡኝ ነው? እሱ ይህን ቆዳ አይቶ እንዴት እንደጮኸብኝ! አጎቱ ዋቅወያ እናት የሚገድል አዳኝ አትቅጠር ብሎት ነው አሉ የሞተው። ፈድሉ ሱቅ ያን ሁሉ እሑድ የተቀመጠው እናቲቱን የሚያሳልፍ ሰው ለማየት ነበር። ማንም አላሳለፋት። እርስዎ ላይ ተስፋ ነበረው፤ እርስዎ ደግሞ ሁሉንም ሳቱ፣ እናቲቱንም አላየኋትም አሉ። የሳተውን ከማረው በምን ይለየው? ስለዚህ እኔን ወሰደ።»

ማዘንጊያ ከሄደ በኋላ አበጋዝ ምላጩን አነሣ፣ አስቀመጠ። ወሽመጡ ተቆርጧል። አንድ ቃል፣ «እናት ናት» ብቻ ቢል ኖሮ ምንሽሩ ዛሬ ትከሻው ላይ ነው፤ ዴዴሳን እንደገና ያያል፤ ይህችም ሕያው ናት። ከወጥመድ አመለጥኩ ብሎ እራቱን በደስታ የበላበት ማታ ትዝ ሲለው አፈረ። ቆዳውን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ሱቁን ሳይዘጋ ወደ ቀበሌ ሄደ።

ነገራ ብቻውን ነበር። አበጋዝ ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ድኩላዋን አይቻት ነበር» አለ። «ፈድሉ ሱቅ። አይቻት ነው ያልተኮስኳት። እናት ስለሆነች ነው።»

ነገራ ፊቱ በራ፤ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል ግን አንድ ነገር ያዘው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹንም ሆን ብዬ ነው የሳትኩት።»

«ዓይንዎ አልደከመም።»

«አልደከመም።»

ነገራ ቆዳውን በጣቱ ዳሰሰ። ቀና ሲል ያ የበራው ፊት ጠፍቶ ነበር፤ አበጋዝ እሑድ እሑድ ይፈራው የነበረው ፊት አሁን ገና መጣ።

«ኦቦ አበጋዝ፣ አጎቴ ስለ እርስዎ ብዙ አውርቶኛል፤ ውሸታም ነው ብሎኝ ግን አያውቅም። እኔ ያን ቀን ምንም አልጠረጠርኩዎትም ነበር። አንድ ሰው መምታት እየቻለ በሰው ፊት አልችልም የሚለው ምን ደብቆ ነው?»

አበጋዝ ቆዳውን ከጠረጴዛው ላይ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«ምዝገባው ተዘግቷል፣ ያውቃሉ አይደል?» አለ ነገራ በዝግታ። ባርኔጣውን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። «እስቲ ቤትዎ ድረስ አብረን እንሂድ።»

እማዋይሽ ደጅ ላይ ጤፍ ታበጥር ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲመጡ ከሩቅ አየቻቸው። ሰፌዱን መሬት ላይ ጣለችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ጀርባዋንም ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች።