እማማ ጥሩዬ ያልመለሱት ጥያቄ

ዳባት ጤና ጣቢያ በመዝጋቢነት ሥራ በጀመርሁ ዕለት ኃላፊው አንድ እሽግ ቅጽ ሰጡኝ። «ጓድ፣ የልምድ አዋላጆቹን ትፈትኛለሽ። ያለፈች ጎንደር ሄዳ ትሠለጥናለች፤ የወደቀች ከእንግዲህ አታዋልድም» አሉኝ። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ወልጄ ነውና የታተመ ወረቀት ይሳሳታል ብዬ አላስብም ነበር።

መጀመሪያ የቀረቡት የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱት እማማ ጥሩዬ ናቸው። «የምናብ ችሎታ» ከሚለው ክፍል አነበብሁላቸው፦ «በአንዲት መንደር ሴቶች ሁሉ በጤና ጣቢያ ይወልዳሉ እንበል። አበበች የዚያች መንደር ሴት ናት። የት ትወልዳለች?»

«የማን ልጅ ናት?»

«የማንም አይደለችም፤ በሐሳብ ነው።»

«አላውቃትም። ባላየሁት አልመሰክርም።»

«እማማ፣ በሐሳብዎ ይሳሏት እንጂ!»

«አንቺው ሣያት፤ ብዕሩ በእጅሽ።»

ሦስት ጊዜ ደገምሁላቸው። ከዚያ «ምናብ፦ የላትም» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሞላሁ። ወደቁ።

ከወር በኋላ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ መጣች። የጣቢያው ብቸኛ ሐኪም፣ ድሬሰሩ፣ ደባርቅ ሄዷል። እማማ ጥሩዬ ክልከላውን ጥሰው አብረው መጥተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ።

«ሕፃኑ ተጋድሟል። ራሱ እዚህ፣ ጀርባው በዚህ።»

«በምን አወቁ?»

«አየዋለኋ! ዝም በይ አሁን።»

ቀስ እያሉ በእጃቸው ገፉት፤ ዞረ። ሳይመሽ ተወለደ።

እጃቸውን ሲታጠቡ ያን ዕለት ለምን እንዳልመለሱልኝ ጠየቅኋቸው።

«ልጄን ያሳሰረችው አንዲት የቀበሌ ሴት ናት። ካድሬዎቹ ‹በአድማው ነበረበት እንበል› አሏት፤ እሺ ብላ ፈረመች። በነጋታው ‹ነበረበት› ሆነ። ይኸው አልተመለሰም። አንቺም ‹እንበል› ብለሽ ወረቀት ይዘሽ መጣሽ።»

ውጤቱን ላርም ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። «ዝርዝሩ ወደ ጎንደር ሄዷል» አሉኝ። «ደግሞ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ተከልክለው በማዋለዳቸው ቀበሌው እማማን ጠርቶ አስጠነቀቀ። በክረምቱ ጎረቤታቸው ስታምጥ ሰው ላከችባቸው፤ ፈርተው ቀሩ። እናትም ልጅም አልተረፉም።

ኋላ በማታ ትምህርት ስለ ምናብ የተጻፈ አነበብሁ። አንዱ ፈላስፋ ምናብ ካየነው ነገር የተቀዳ ደብዛዛ ቅጂ ነው ይላል። አእምሮን የሚያጠኑት ደግሞ አእምሮ ቀድሞ እየገመተ፣ እጅ ሊነካው ያለውን ይሥላል ይላሉ። ሁለተኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቅጹ ላይ ግን የሚሞላበት ቦታ አልነበረውም።

ጡረታ እስክወጣ ብዙ ሰው ፈትኛለሁ። ሰው «አላውቅም» ሲለኝ፣ ማሰብ አይችልም ብዬ ከመጻፌ በፊት መልሱ ምን ያመጣብኛል ብሎ እንደፈራ እጠይቀው ነበር።