አንድ ሰው «መጡ» ሲባል

ወረታ ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የሩዝ መጋዘን ነበር። ገለባው ከወለሉ ስንጥቅ ጨርሶ አልወጣም፤ በተኛሁ ቁጥር አንገቴን ይበላኛል። አራት ሴቶች ነበርን።

ያስያዘኝ ነገር ትንሽ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ለጎረቤቴ፣ «እሑድ ከቁሐር ሚካኤል መጡ፤ ምሳ በልተው ወዲያው ሄዱ» አልኋት። ስለ ባለቤቴ ነበር የማወራት። የሰማ ሰው፣ ታጣቂዎች አብልታ ሸኘች ብሎ ነገረብኝ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የአዲስ አበባ።

«ስንት ነበሩ?»

«አንድ።»

«አንድ ሰው ‹መጡ› ይባላል?»

«ባለቤቴ ናቸው። ሩዝ አረም ላይ ሰንብተው ነው የመጡ።»

ሳቀ። «ባልሽን ነው አንቱ የምትይው? አንድ አልጋ ላይ እየተኛችሁ?»

«አዎ። በእኛ ዘንድ እንዲያ ነው።»

በሦስተኛው ቀን አመነኝ መሰለኝ፣ ወረቀት ይዞ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። «ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።»

የቄስ ልጅ ነኝ፤ ሳላነብ አልፈርምም። «ባለቤቴ መጣ፤ በላ፤ ሄደ» ይላል።

«እንዲህ ብዬ አልተናገርሁም።»

«ሴትዮ፣ ‹መጡ› ብዬ ከጻፍኩ ዳኛው ብዙ ሰው ነው የሚለው። ላንቺው ብዬ ነው።»

እውነቱን ነበር።

አብራኝ የታሰረችው ጠላ ሻጭ ከኋላዬ፣ «ኧረ እቴ፣ ፈርሚ! እሳቸው እንደሁ አያዩት» አለች።

«እኔ አይቼዋለሁ» አልኋት።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሦስቱንም ቃል ሰረዝሁ። ከበላያቸው «መጡ፤ በሉ፤ ሄዱ» ብዬ ጻፍሁ። ከግርጌው «አንድ ሰው ናቸው» ብዬ ጨመርሁና ፈረምሁ። መርማሪው አየት አደረገው።

«በይ እንግዲህ ተቀመጪ» ብሎ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን ተጨመረብኝ። ስፈታም ምክንያቱን የነገረኝ የለም።

ባለቤቴ ነገሩን ሰምተው ኖሮ፣ ቤት ስገባ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ምነው ‹እሱ› ብለሽኝ በወጣሽ» አሉኝ።

በዓመቱ አረፉ።

ልጄ ባሕር ዳር ነው የምትኖር፤ ባሏን «አንተ» ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። አልቆጣትም። ያን ወረቀት ዛሬም ቢሰጡኝ ያንኑ እጽፋለሁ። ግን ቤቱ ጭር ሲልብኝ አስባለሁ፤ በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሰው በሌለበት፣ ቀስ ብዬ «አንተ» ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ምን ይሉኝ ነበር?